ደስታው የአንቺ፣ ዋጋው የገዢው

ልጄ፣ ስፌት ሰፍቶ መኖር ይቻላል ወይ ብለሽ ለጠየቅሽኝ መልሴ አጭር ነው፤ ይቻላል። ባንክ ቤት የለመድሽው ደመወዝ ቀኑን ጠብቆ እንደሚገባው አይገባም እንጂ ይገባል። ነገሩን የሚያስረዝምብኝ ሁለተኛው ጥያቄሽ ነው፤ «ሥራ ሲሆን ፍቅሩ ያልቅብኝ ይሆን?» ያልሽው። ሥራ የሚጀምር ሰው ሁሉ ስለ መነሻ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ይህን የሚጠይቅ ግን ብዙ አላጋጠመኝም። ስለዚህ ከእሱ ልነሳ።

ስፌት በአገራችን እንደ ሌላው የእጅ ሙያ አይደለም። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ በሥራቸው ሲሰደቡ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት ስድቡ አገር ያጠፋል ብለው ነው። ስፌት ግን ከዚህ ሁሉ ተርፏል። የባላባት ሚስት መሶብ ትሰፋ ነበር፣ የጭሰኛ ሚስትም ትሰፋ ነበር፤ ስፌት የማትችል ልጅ እንዲያውም «ሙያ የላትም» ትባል ነበር። ሐረር ጀጎል ገብተሽ የሐረሪዎችን ቤት ብታዪ ግድግዳው በስፌት የተሞላ ነው፤ ሙሽራዋ ስፌቷን ይዛ ነው የምትገባው።

ከስድብ የዳነው ስፌት ታዲያ በሌላ በኩል ተቀጣ። ሴት ሁሉ የምትሠራው ነገር ስለሆነ ማንም እንደ ሥራ አልቆጠረውም። ሸማኔ የተናቀም ቢሆን ጋቢውን ገበያ አውጥቶ ዋጋ ይቆርጥ ነበር። ሰፊዋ ግን መሶቡን ለልጇ ሠርግ፣ ሰፌዱን ለጎረቤት፣ ሙዳዩን ለክርስትና ልጇ ትሰጠዋለች። የምትሰፋውም የቤቱ ሥራ ካለቀ በኋላ፣ ቡናው እየተፈላ፣ ወሬው እየደራ ነው። የገጠር ሴቶች ለገበያም ይሰፉ እንደነበር አውቃለሁ፤ ግን የገበያው ዋጋ ያን ጊዜም የልፋታቸው አልነበረም። ደመወዛቸው ደስታቸው ነበር፤ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው ያሰበው፣ እነሱ ራሳቸው ጭምር።

አንቺ እንግዲህ እዚህ መሃል ገብተሽ ዋጋ ልትጠይቂ ነው። የመጀመሪያዋ ገዢ ሙዳዩን አገላብጣ «እናቴ ቤት እኮ ሞልቶልሻል» ትልሻለች። ሁለተኛዋ «ደስ እያለሽ የምትሠሪው አይደል? ቀንሺልኝ» ትልሻለች። ክፋት የላቸውም። የተናገሩት ከእናቶቻቸው ቤት የሰሙትን ነው። አንቺ ግን ይህቺን ሁለተኛዋን ንግግር ጆሮሽ ላይ እንዳታሳድሪያት። የሠራሽው ደስ እያለሽ ነው፤ እውነት ነው። ያ ደስታ ግን የአንቺ ነው፤ ገዢዋ አልሰጠችሽም፣ ልትቀንሰውም አትችልም። ዋጋው የጊዜሽ፣ የስንደዶው፣ የዓይንሽና የወገብሽ ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን አታስቀምጪ።

ፍቅሩ የሚያልቀውም ሁለቱ ሲቀላቀሉ ይመስለኛል። ዋጋሽን ዝቅ ስታደርጊ ለመኖር ብዙ መስፋት አለብሽ፤ ብዙ ለመስፋት መፍጠን አለብሽ፤ ስትፈጥኚ ደግሞ ዙሩ ይላላል፣ ንድፉ ይዛባል፣ ወስፌው ይከብድሻል። ያን ቀን «ሥራው ሰለቸኝ» ትያለሽ። ሥራው አልሰለቸሽም፤ ዋጋው ነው የተሳሳተው። ስለዚህ ለሁለት ሦስት ሳምንት ያህል ስፌቱን ለማንሳት እጅሽ እምቢ ካለ ራስሽን ሰነፍ ብለሽ አትውቀሺ፤ ደብተርሽን ገልጠሽ ያለፈውን ወር ትእዛዝና ዋጋ እዪ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ እዚያ ነው።

ስለ ደብተር ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ ነገር በቁጥር ላሳይሽ። አንዲት ሙዳይ ከመጀመሪያው ቋጠሮ እስከ ክዳኗ 12 ሰዓት ፈጀችብሽ እንበል። ለአንድ ሰዓትሽ 100 ብር ብትቆርጪ 1,200 ብር ነው። ስንደዶው፣ አክርማው፣ ቀለሙና ማገዶው 150 ብር ቢሆን 1,350 ብር ይሆናል። ይህ እንግዲህ አንቺን ከኪሳራ የሚያድን ብቻ ነው፤ የሱቅ ድርሻ የለበትም፣ ተበላሽቶ የሚጣል የለበትም፣ የምትታመሚበት ሳምንት የለበትም። 1,000 ብር ስጪኝ የምትልሽ ደንበኛ 350 ብር ከአንቺ ኪስ እንድትወስድ እየጠየቀችሽ ነው። ይህን ካወቅሽ በኋላ ብትቀንሺላትም አውቀሽ ነው፤ ሳታውቂ ግን አትቀንሺ። ሰዓትሽን ደግሞ በግምት አትጻፊ። ስትቀመጪ ጻፊ፣ ስትነሺ ጻፊ። ሰፊ ሁሉ የፈጀባትን ጊዜ አሳንሳ ነው የምታስታውሰው፤ ምክንያቱም ደስ ሲል ጊዜው አይታወቅም።

ትእዛዝ ስትቀበዪ ቀብድ ተቀበይ፤ ግማሹን። ዘመድ ብትሆንም። ዛሬ በቴሌብር አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ «ብር አልያዝኩም» የሚባል ሰበብ ቀርቷል። የንግድ ፈቃዱንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ወረዳ ሄደሽ ጨርሺው፤ ሰልፉ ያሰለቻል፣ ስፌትሽን ይዘሽ ሂጂ። ከዚህ በላይ ስለ ቢሮ የምለው የለኝም።

አሁን ደስ ወደሚለኝ ልምጣ።

የስፌት ዓመት የሚጀምረው በመስከረም ነው። ክረምቱ ሲወጣ ስንደዶው ራሱን ያወጣል፤ የገጠር ልጃገረዶች ከአደይ አበባው ጋር እየተጋፉ ይመዙታል። የዓመቱን ስንደዶ በዚያ ሰሞን ግዢ፤ ወራቱ በገፋ ቁጥር የምታገኚው የተረፈውን ነው። ከመግዛትሽ በፊት አንዲት ዘለላ አርጥበሽ ጣትሽ ላይ ጠምጥሚያት። ሳትሰነጠቅ ከዞረች መልካም ናት፤ ከተሰበረች ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ካለባት ዝናብ አግኝቷታልና ተያት። ቤት ስትደርሺ በላስቲክ እንዳትቋጥሪው፤ ይሻግታል። በጨርቅ ጠቅልለሽ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ አስቀምጪው። የኮንዶሚኒየም በረንዳሽ ጠባብ ናት ስትይ ሰምቻለሁ፤ ለስንደዶ ግን ትበቃለች፣ ለልብስ ማስጫ ሌላ ቦታ ፈልጊ። ማታ በሩን ስትከፍቺ የሚቀበልሽ የደረቀ ሣር ሽታ አለ። ያ ሽታ ባንክ ቤት አልነበረም።

ቀጥሎ የመንከሪያው ቀን ነው፤ እኔ ከዓመቱ ሁሉ እሱን እወደዋለሁ። የተሰነጠቀው ስንደዶ የሚፈላ ቀለም ውስጥ ገብቶ አለላ ሆኖ ሲወጣ፣ እርጥብ እያለ ያየሽው ቀይ ሲደርቅ ሌላ ቀይ ነው። አረንጓዴውማ ጭራሽ ያታልላል። ከመድረቁ በፊት «ይሄ ለእንዲህ ዓይነቱ መሶብ» ብለሽ እንዳትወስኚ። ያን ቀን ሌላ ሥራ አትያዢ፤ ጎረቤትም ጥሪ፣ ልጆቹም ይምጡ። እጅሽ ቀለም በቀለም ሆኖ ሰንብቶ ሰዎች ምን ሆንሽ ሲሉሽ መልስ መስጠት ራሱ ደስ ይላል። ሁለት ነገር ግን ጠብቂ። አንደኛ፣ የተነከረውን አለላ እንደ ድሮ ሴቶች በአፍሽ አታርጥቢው፤ የዛሬ ቀለም በዱቄት የሚሸጥ ነው፣ ውስጡ ምን እንዳለ አታውቂም። ውሃ በኩባያ አስቀምጪ። ሁለተኛ፣ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ አሽተሽ ቀለሙ የሚለቅ መሆኑን ሳታዪ አንዲት አለላ መሶብ ላይ አታስገቢ። እንጀራ ትኩስ ነው፣ ላብ አለው። እንጀራው የሚነካውን ቦታ ሳይነከር በተፈጥሮ መልኩ ስፊው፤ ቀለሙን ለዙሪያውና ለክዳኑ አቆዪው። አንዲት ደንበኛ እንግዳ ጠርታ እንጀራዋ ሐምራዊ ሆኖ ካገኘችው ሌላ ጊዜ ስፌትሽን አትገዛም፤ ለእህቷም ትነግራታለች።

መስፋቱ ራሱ ጠዋት ይሁን። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አምስት ያለውን ብርሃን ለስልክ አትስጪው። ማታ በአምፖል ቢጫውና ነጩ አለላ ይመሳሰላል፤ ጠዋት ስታዪው ትበሳጫለሽ፣ መፍታቱ ደግሞ ከመስፋቱ ይብሳል። ሬዲዮ ክፈቺ። እኔ ሸገርን ከፍቼ ስሰፋ ወሬውን ሰምቼው ይሁን ሰፍቼው አላውቅም፤ አንዳንድ ሰፌድ ሳይ አንድ ጨዋታ ትዝ ይለኛል። መብራት ከጠፋ ጎረቤቶችሽ ሁሉ ሥራ ሲፈቱ አንቺ መስኮት ሥር ሆነሽ ትቀጥያለሽ። ይህቺ ትንሽ ኩራት ናት፤ አትናቂያት።

ስለ ንድፍ ብዙ አልነግርሽም፤ እጅሽ ከእኔ የተሻለ መሆኑን አይቻለሁ። ግን አክርማውን በስንደዶ እየጠቀለልሽ ዙሩን ወደ ውጭ ስታሳርፊው የሚሰፋው፣ ከላይ ስታስቀምጪው ደግሞ ግድግዳ ሆኖ የሚቆመው ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ያለ ገዢ፣ ያለ ፎቶ፣ ለራስሽ ብቻ የሚሰጥሽ አንድ ደስታ ደግሞ አለ፤ በልብሽ እየቆጠርሽ የጀመርሽው ንድፍ ዙሩን ጨርሶ ከመነሻው ጋር ሲገጥም። አንዲት አለላ ሳትተርፍ ሳትጎድል ከገጠመች፣ ያን ቀን ምሳ ሳትበዪ ብትውዪ አይታወቅሽም። ይህን ለደንበኛ ልታስረጂ አትሞክሪ። የገዛችው መሶብ ነው።

ቪዲዮ ቅረጪ ይሉሻል። ቅረጪ፤ እጅና ወስፌ ሲታይ ሰው ያያል፣ ካየም ይገዛል። ቲክቶክ ላይ የቀለም ቀንሽን ብታሳዪ የመሶቡን ፎቶ ከማሳየት ይሻላል። ግን ለስልኩ ብለሽ አትስፊ። ስልኩ ፍጥነት ይወዳል፣ ስፌት አይወድም።

ገበያው ወቅት አለው፤ ከአሁኑ እወቂው። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ። ከዚያ ሠርግ፤ ጥር ላይ አንድ ጊዜ፣ ከፋሲካ በኋላ ሌላ ጊዜ። የሠርግ መሶብ የሚፈልጉ ሰዎች ሁልጊዜ ዘግይተው ነው የሚመጡት፤ ትልቅ መሶብ በቤት ሥራ መሃል ሲሰፋ ወራት እንደሚፈጅ ለማንም አልተነገረውም። ስለዚህ በዐቢይ ጾም አንድ ሁለት መሶብ ሰፍተሽ አስቀምጪ፤ ሚያዝያ ላይ ጌታ ትሆኛለሽ። ክረምት ላይ ደግሞ ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚመጡ ወገኖቻችን አሉ። እነሱ መሶብ ይወዳሉ፤ ሻንጣቸው ግን አይወድም። ለእነሱ እርስ በርሳቸው የሚገቡ ሙዳዮችና ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሰፌድ አዘጋጂ። የምትልኪው ስፌት ፀሐይ በደንብ የመታው፣ ነፍሳት የሌለበት ይሁን፤ የሣር ነገር በየአውሮፕላን ማረፊያው ይፈተሻል።

ከማዳበሪያ ጆንያ በሚመዘዝ ክር የሚሰፋውን መሶብ እያየሽ እንዳትንቂ። አንዳንድ ሰው «ባህላችን ጠፋ» ይላል። የሰፋችው ሴት ስንደዶ ፍለጋ መሄጃ ሜዳ አጥታ ይሆናል፤ ሜዳው ታርሷል ወይ ታጥሯል። እጇ ግን ያው የእናቷ እጅ ነው፤ ሥራውም ይታጠባል፣ አይሻግትም። አንቺ የስንደዶውን ሸጪ፣ እሷ የእሷን ትሽጥ።

ሰዎች የቤተልሔም ጥላሁንን ታሪክ ሲነግሩሽ ከርመዋል፤ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ዘነበ ወርቅ ሰፈር ሶልሬብልስን ጀምራ ከመኪና ጎማ የሚሠራውን በረባሶ ለዓለም ገበያ ያበቃችውን። መልካም ታሪክ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። የምወደው ግን በትልቅነቱ አይደለም። በረባሶን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እረኛና ድሃ የሚያደርገው ብለን እናልፈው ነበር። እሷ ግን ዋጋ ጻፈችበት። አንቺ ፋብሪካ መክፈት የለብሽም። ስምንት ቋሚ ደንበኛና አንድ ባዛር በዓመት የሚያኖርሽ ከሆነ ያ ሙሉ ሥራ ነው፤ «መቼ ነው የምታሳድጊው?» ለሚልሽ ሰው ቡና አቅርቢለት።

ለዘመድ ምን ላድርግ ብለሽ ነበር። የእድራችን ሴቶች ሁሉ አንዳንድ ሰፌድ ሊጠብቁ ነው፤ አውቃለሁ። ስጦታ ስጪ፣ ቅናሽ ግን አትስጪ። በዓመት ለማን ምን እንደምትሰጪ አንቺው ወስነሽ፣ አንቺው ይዘሽላቸው ሂጂ። ስፌት ሰጥቶ የሰው ፊት ሲበራ ማየት ከጥንትም የሰፊዋ ደስታ ነበርና ንግድ ጀመርኩ ብለሽ አትተዪው። ቅናሽ ግን ሌላ ነው፤ አንቺም ቅር ይልሻል፣ እነሱም አይጠግቡም።

ልጆች የወደቀ አለላ ለቅመው አምባር ሲሠሩ አትከልክያቸው። የሦስተኛ ፎቁ ልጅ ቀይ ብቻ ነው የሚለቅመው አልሽኝ፤ ትንሽ ቀይ ሆን ብለሽ ጣዪለት።

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን ልንገርሽ፤ ዛሬ ባያስፈልግሽም ይመጣልና። አንድ ቀን ሆቴል ወይም የስጦታ ዕቃ ቤት መጥቶ 40 ሰፌድ በሁለት ወር ይልሻል። ብቻሽን አትችዪውም፤ ሴቶች ትፈልጊያለሽ። ሴቶች አሉ፤ በየሰፈሩ፣ በየደጁ፣ ከአንቺም ከእኔም በላይ የሚሰፉ። ስትጠይቂያቸው «የፈለግሽውን ስጪኝ፣ ቁጭ ከምል ብዬ ነው» ይሉሻል። አየሽ፣ ይህ ንግግር «ደስ እያለሽ የምትሠሪው አይደል?» ካለችሽ ደንበኛ ንግግር ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ራሷ ሰፊዋ ናት የምትናገረው። ያን ሰዓት ልብሽ ደስ ሊለው ይችላል፤ ርካሽ እጅ አገኘሁ ብሎ። ብዙ ደግ ሰው እዚያ ላይ ነው የሚሳሳተው። «ሥራ ፈጠርኩላቸው» ይላል፤ እነሱ ግን ሥራቸው ቀድሞም ነበራቸው፣ የጎደላቸው ዋጋው ነው። ለራስሽ በሰዓት የቆረጥሽውን ለእነሱም ቁረጪ። ከሆቴሉ የምትቀበዪውን ንገሪያቸው፣ የአንቺ ድርሻ ስንት እንደሆነና ለምን እንደሆነ ንገሪያቸው፤ ስንደዶውን ገዝተሽ ነክረሽ የምታመጪው አንቺ ነሽ፣ ያልተሸጠው የሚቀረው አንቺ ጋ ነው፣ ይገባቸዋል። አንዷ ያበላሸችውን ስትፈታ የሚጠፋውን ጊዜ ማን እንደሚሸከመው ከመጀመሩ በፊት ተስማሙ፤ ከተጀመረ በኋላ ቂም ይሆናል። ሲሰፉ ደግሞ አንድ ላይ ይስፉ። ቡናውን አንቺ ችዪ። ወሬው ይድራ፤ እጃቸው አይቆምም።

ሽሮ ሜዳ አካባቢ እጃቸው ንጹሕ የሆነ ሁለት ሴቶች አውቃለሁ፤ አንዷ ክዳን ስትሰፋ የሚወዳደራት የለም። ስልካቸውን እልክልሻለሁ። መጀመሪያ ግን ለአንድ ሰፌድ ስንት እንደምትከፍያቸው ወስነሽ ንገሪኝ፤ ቁጥሩን ካየሁ በኋላ ነው የምልክልሽ።